ወረቀት የሌለው አሮጌ ሎፍት፦ ዝም ብዬ ላድስ ወይስ ካውንስል ልጥራ?

ላይኛው_ፎቅ

ወገኖች እንደምን ሰነበታችሁ። ቤታችን ለንደን፣ ቶተንሃም ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ቤት፣ ግራና ቀኝ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ በእኛ አባባል ጂ ፕላስ ዋን። ስንገዛው ጣሪያው ሥር አንድ ክፍል፣ ሎፍት የሚሉት፣ ነበረው። ሻጮቹ በፈረንጆቹ 1988 አካባቢ ተሠራ አሉን። የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ሰርተፊኬት ግን የለም። በምትኩ ኢንደምኒቲ የሚሉትን ኢንሹራንስ ገዝተው ሰጡንና ጉዳዩ ተዘጋ።

እስካሁን የሻንጣ ማስቀመጫ ነበር። አሁን ትልቁ ልጄ ከእህቱ ጋር አንድ ክፍል አልተኛም ብሏል፣ ልክም ነው። ችግሩ ክፍሉ በዊንተር ፍሪጅ፣ በሰመር ምጣድ ነው። ባለቤቴ «ኮርኒሱን አፍርሰን፣ ኢንሱሌሽን አስገብተን፣ ቀለም ቀብተን እናስገባው» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ካውንስል ሳታሳውቂ እንዳትነኪው አለችኝ። ፖሊሲውን ሳነበው ካውንስል ካነጋገራችሁ ዋስትናው ይቀራል ይላል። ደረጃው ላይ እናቴ ቆማ አየችና «ይሄማ መሰላል ነው» ብላ ተመለሰች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ዝምታ_ይሻላል

እህቴ፣ ካውንስል ያልጠየቀሽን አትመልሺ። የእኔም ሎፍት ወረቀት የለውም፣ ማንም መጥቶ አያውቅም። ቦርድ መቀየርና ቀለም መቀባት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ልጁን አስገቢው፣ ይመቸው።

አናጺው_ከክሮይደን

ቀለሙና ቦርዱ ይቆይ። መጀመሪያ የቆምሽበትን ወለል እይ።

የዚያ ዘመን ቤቶች የላይኛው ክፍል ኮርኒስ የሚያርፍባቸው እንጨቶች፣ ጆይስት የምንላቸው፣ ብዙ ጊዜ 100 በ50 ሚሊሜትር ናቸው። በድሮው አባባል ፎር ባይ ቱ። የተሰጡት ኮርኒስ እንዲይዙ ብቻ ነው። ዛሬ ባለው ስሌት ዕቃ የሚቀመጥበት ኮርኒስ በካሬ ሜትር ወደ 25 ኪሎ እንዲችል ይታሰባል። ሰው የሚኖርበት ወለል ግን ወደ 150 ኪሎ። ልዩነቱን አንቺው አስይው። በ80ዎቹ ብዙ ሰው በእነዚያው እንጨቶች ላይ ቺፕቦርድ ቸንክሮ፣ ምንጣፍ አንጥፎ «ክፍል» ብሎ ሸጧል።

ስለዚህ ምንጣፉን ገልጠሽ አንድ ቦርድ አንሺ። ከአሮጌዎቹ ጎን ጥልቀት ያላቸው ሌሎች እንጨቶች ካየሽ፣ ጫፋቸውም ብረት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ካረፈ፣ የሠራው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነበር። ቀጫጭኖቹ ብቻ ካሉ ሌላ ወሬ ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱን ተሻግረሽ የጣሪያውን ጫፍ መስመር እይ። መሃሉ ጎድጎድ ብሏል? የተዳፋቱን እንጨቶች፣ ማለትም ራፍተሮቹን፣ ከመሃላቸው የሚደግፍ ፐርሊን የሚባል ወፍራም አግዳሚ አለ። እሱን ደግሞ ከታች በሰያፍ የሚደግፉ እንጨቶች አሉ። ክፍል ለማስፋት ሲባል እነዚህ ተቆርጠው ይጣላሉ። በላዩ ላይ የቀድሞው ስስ የድንጋይ ንጣፍ ተነሥቶ የኮንክሪት ንጣፍ ተደርጎበት ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ጨምሯል፣ ደጋፊው ቀንሷል።

ሦስተኛ፣ ኮርኒሱ ላይ ክብ ክብ ወይም እንደ ማዕበል ያለ የአርቴክስ ልስን ንድፍ ካለ ማንም እንዳይፍቀው፣ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። እዚህ አገር አስቤስቶስ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተለሰነ ከሆነ መጀመሪያ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሂድ። ዋጋው ቀላል ነው።

ላይኛው_ፎቅ

እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ ባለቤቴ ቤት ሲሆን እናነሣዋለን። አርቴክሱ አለ፣ ያውም በሙሉ ኮርኒሱ።

የዶሴ_ሰው

ቤት ግዢ ሽያጭ የሚያስጨርስ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ የምጽፈው አጠቃላይ ነገር ነው፣ የራስዎን ሶሊሲተር (ጠበቃ) አይተካም። በአንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ሲደናገር ስለማይ ልዘርዝረው።

ፕላኒንግ እና ቢልዲንግ ሬጉሌሽን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕላኒንግ ስለ መልኩና ስለ ስፋቱ ነው። እንደ እርስዎ ላለ የተያያዘ ቤት 40 ሜትር ኩብ ድረስ መስፈርቱን ካሟላ ያለ ማመልከቻ ይፈቀዳል፣ ለብቻ ለቆመ ወይም ለሁለት ለተያያዘ 50። በ1988 ለተሠራ ክፍል ይህ ዛሬ አያሳስብዎትም። ቢልዲንግ ሬጉሌሽን ግን ቤቱ አይወድቅም ወይ፣ ሰው ከእሳት ያመልጣል ወይ፣ ሙቀት ይይዛል ወይ የሚለው ነው። ሻጭ «ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር» ሲል የመጀመሪያውን ብቻ እያወራ ሊሆን ይችላል።

ካውንስል «አፍርስ ወይም አስተካክል» የሚል ማስታወቂያ የሚሰጥበት ጊዜ በእንግሊዝ ለረጅም ዘመን ሥራው ካለቀ አንድ ዓመት ነበር። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 10 ዓመት ሆኗል። የእርስዎ ክፍል በሁለቱም ቢቆጠር አልፎታል። ስለዚህ «ካውንስል መጥቶ ያፈርስብኛል» የሚለው ፍርሃት ከእውነታው ይበልጣል። ሕንፃው አደገኛ ሆኖ ከተገኘ ግን የጊዜ ገደብ አያድንም።

ኢንደምኒቲው የሚሸፍነው ካውንስል እርምጃ ቢወስድ የሚመጣብዎትን ኪሳራ ነው። ወለሉ ቢጎብጥ አይሸፍንም። ጣሪያው ቢሰምጥ አይሸፍንም። ልጅዎ እዚያ መተኛት ይችላል የሚል ቃልም የለውም። እሱን ወረቀት እንደ ሰርተፊኬት የሚቆጥር ሰው ሲያጋጥመኝ ያሳዝነኛል። ካውንስል ማነጋገር ዋስትናውን እንደሚያስቀር ደግሞ በትክክል አንብበዋል። ስለዚህ ከመደወልዎ በፊት ውሳኔው ይለቅ። ስም ሳይጠሩና አድራሻ ሳይሰጡ ቢሆን እንኳ ፖሊሲው የሚለውን ሳያዩ አይደውሉ።

መውጫ መንገድ አለ። ሬጉላራይዜሽን ይባላል። ከኖቬምበር 11 ቀን 1985 ወዲህ ለተጀመረና ያኔ ላልተመዘገበ ሥራ ካውንስሉ ከኋላ መጥቶ አይቶ ወረቀት የሚሰጥበት ነው። የእርስዎ 1988 ይገባል። የግል ኩባንያዎች ይህን መስጠት አይችሉም፣ ካውንስል ብቻ። ክፍያው ከመደበኛው ይበልጣል፣ ቫት ግን የለበትም። ጥሩው ነገር፣ የሚመዘነው ሥራው በተሠራበት ዘመን በነበረው ሕግ ነው። መጥፎው፣ ኢንስፔክተሩ ለማየት ኮርኒስና ወለል ክፈቱልኝ ሊል ይችላል።

ዝምታ_ይሻላል

ታዲያ እኮ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ጊዜው አልፏል ካልክ ለምን ገንዘብ ታስወጣታለህ?

የዶሴ_ሰው

ጊዜው ያለፈው ለ1988ቱ ሥራ ነው። እሷ የምትጀምረው የዛሬ ሥራ ነው፣ ሰዓቱ ከዛሬ ይቆጠራል። ጣሪያን ከውስጥ አፍርሶ መሥራት «ቦርድ መቀየር» ብቻ አይደለም። የዚያን ጣሪያ ስፋት ከግማሽ በላይ ከነኩ፣ ኢንሱሌሽኑን አሁን ባለው ደረጃ የማድረግ ግዴታ ይመጣል፣ ማሳወቅም ይመጣል። የወለል እንጨትና ቢም የሚባለው የብረት አግዳሚማ ማሳወቅ እንደሚያስፈልገው ጥያቄም የለውም።

ደግሞ ቤቱን ሲሸጡ የሚሞላ ቅጽ አለ፣ ምን እንደሠሩ ይጠየቃሉ። አንዱን ክፍል መኝታ ብለው ለመሸጥና «የጣሪያ ሥር ማከማቻ» ብለው ለመሸጥ ዋጋው አንድ አይደለም።

አላርም_ገጣሚ

ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ስለ እንጨቱና ስለ ወረቀቱ ተብሏል። ማንም ያላነሣው ልጁ ሌሊት ታች ቤት ቢቃጠል በየት ይወጣል የሚለውን ነው።

የላይኛው ወለል ከመሬት ከ4.5 ሜትር በላይ ነው፣ በእርግጠኝነት። እስከዚያ ከፍታ ድረስ በመስኮት መውጣት እንደ ማምለጫ ይቆጠራል። መስኮቱ ግን ቢያንስ 0.33 ካሬ ሜትር የሚከፈት፣ በየትኛውም ጎን ከ45 ሳንቲሜትር ያላነሰ፣ ከወለሉም ከ1.1 ሜትር ያልበለጠ መሆን አለበት። ከ4.5 በላይ ሲሆን መስኮት አይቆጠርም። ድሮ ሎፍት ላይ ሰፊ የጣሪያ መስኮት ተደርጎ «እሳት አደጋ በመሰላል ያወርዳቸዋል» ተብሎ ያልፍ ነበር። በ2007 በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ያን አስቀረው። የአንቺ ክፍል ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ መስኮት ካየሽ ምክንያቱ እሱ ነው።

አሁን የሚፈለገው ደረጃው ራሱ እንዲጠበቅ ነው። ከሎፍቱ እስከ ውጭ በር ድረስ ያለው መተላለፊያ በግድግዳውም በኮርኒሱም እሳትን 30 ደቂቃ የሚገታ፣ ወደ እሱ የሚከፈቱት የመኝታ፣ የሳሎንና የኩሽና በሮች ደግሞ የእሳት በር። ደንቡ የ20 ደቂቃ በር ይበቃል ይላል፣ ሱቅ ላይ የምታገኚው ግን የ30ው ነው፣ ወፍራሙ፣ 44 ሚሊሜትር። ራሱን በራሱ የሚዘጋ ስፕሪንግ ቤት ውስጥ አሁን አይጠየቅም።

የሚያስቸግረው ይሄ ነው፦ ብዙ ቤት ውስጥ ሳሎኑና ኮሪደሩ መሃል ያለው ግድግዳ ተፈርሶ ደረጃው ቀጥታ ሳሎን ውስጥ ይወርዳል። ቤታችሁ እንዲህ ከሆነ ልጁ ለማምለጥ በእሳቱ መሃል ማለፍ አለበት። ወይ ግድግዳው ይመለሳል፣ ወይ ስፕሪንክለር፣ ከኮርኒስ ውኃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ፣ ያለበት ሌላ ንድፍ ይሠራል፣ እሱ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል።

አላርም በየፎቁ፣ ከመብራት መስመር ጋር የተያያዘ፣ መጠባበቂያ ባትሪ ያለው፣ እርስ በርሱ የተገናኘ። ኩሽና ሲጮህ ሎፍቱ ላይም ይጮሃል ማለት ነው። የሐበሻ ቤት ስገባ ብዙ ጊዜ አላርሙ ወልቆ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቡና ሲቆላ ይጮሃል፣ እጣን ሲጨስ ይጮሃል፣ ይነቀላል። ኩሽና ውስጥ የጭስ አላርም አታስገጥሙ! ሙቀት የሚለይ አላርም አለ፣ ቡና ቢቆላም ዝም ይላል። ጭስ የሚለየውን ኮሪደር ላይ አድርጉና የኩሽናውን በር ዝጉ።

ኮቨንትሪ_ቡና

መሳቢያው ውስጥ ያለው የእኔ ነው፣ እንዴት አወቅህ 😂

ላይኛው_ፎቅ

ወለሉን አነሣን። ያየነውን ልንገራችሁ።

ቀጫጭኖቹ እንጨቶች ብቻ ናቸው። በአንድ በኩል ሁለት ተጨማሪ እንጨት ተቸንክሯል፣ እሱም ጫፉ በአየር ላይ ነው። ፐርሊኑ በጀርባው በኩል፣ ዶርመሩ (ከጣሪያው ተዳፋት ወጣ ብሎ የተሠራው መስኮት ያለው ክፍል) ባለበት፣ ተቆርጧል። የተቆረጠበት ቦታ ብረት አላየንም። ታችኛው መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ያለው ስንጥቅ የአሮጌ ቤት ነገር ነው ብለን ትተነው ነበር። ደረጃው ላይ የራስ ቦታው 1.75 ሜትር ነው። ደግነቱ ኮሪደሩ አልፈረሰም፣ ሳሎኑ በር አለው። ባለቤቴ አሁን ስለ ቀለም ማውራት አቁሟል።

አናጺው_ከክሮይደን

እንግዲህ ነገሩ ጠራ። ሻንጣዎቹን አውርዱ፣ ልጁም አይውጣ።

ቀጣዩ ስልክ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይደለም፣ ለስትራክቸራል ኢንጂነር ነው። እሱ ለክቶ ስሌት ይሠራል፦ ስንት ቢም፣ ምን ያህል ጆይስት፣ የት ያርፋል። ብዙውን ጊዜ ከአንዱ የጋራ ግድግዳ ወደ ሌላው ሁለት የብረት ቢም ይገባል፣ አዳዲሶቹ ጆይስቶች በእነሱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ከአሮጌው ኮርኒስ ትንሽ ከፍ ብለው፣ ሳይነኩት። እንዲህ ሲሆን ታች ያለው ኮርኒስ አይሰነጠቅም። በተቆረጠው ፐርሊን ቦታም እንዲሁ ድጋፍ ይመጣል። ወለሉ ከፍ ሲል ግን የራስ ቦታ ይቀንሳል። ከመነሻው ዝቅ ያለ ክፍል ከሆነ እዚህ ላይ ነው ፕሮጀክቱ የሚሞተው። ስለዚህ ከወለል እስከ ጣሪያው ጫፍ ያለውን ቁመት አሁኑኑ ለኪ።

የግንበኛን «አውቃለሁ፣ ስሌት አያስፈልግም» አትስሚ። እኔም ብልሽ አትስሚኝ።

ብሪክስተን_ጎረቤት

ቢሙ የጋራ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ለጎረቤቶች በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የ1996ቱ የፓርቲ ዎል ሕግ። ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት፣ ለግራውም ለቀኙም። በ14 ቀን ውስጥ «እሺ» ብለው ካልጻፉ እንደ ተቃውሞ ይቆጠራል፣ ሰርቬየር የሚባል የግንባታ ባለሙያ ይሾማል፣ የእሱም ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ በአንቺ ላይ ነው። ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት ሄደሽ ተጫወቺ። ዳቦ ይዘሽ ግቢ። ከሰማይ የወረደ የሕግ ደብዳቤ ማንንም ያስደነግጣል።

ግላስጎው_ብርድ

ከስኮትላንድ ለምታነቡ፦ እዚህ ሕጉ ሌላ ነው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢልዲንግ ዋራንት ይወጣል። ከላይ የተጻፉትን ዓመታትና ቁጥሮች እንዳለ አትውሰዱ።

ላይኛው_ፎቅ

አመሰግናለሁ። ስለ ኢንሱሌሽኑስ? አንድ ሰው ቀጭን የብር ወረቀት የመሰለ ጥቅል ብቻ ይበቃል አለኝ፣ የራስ ቦታ አይበላም ብሎ።

አናጺው_ከክሮይደን

እሱ ጥቅል ብቻውን አያደርሰውም። ሲታደስ የሚፈለገው ቁጥር 0.16 ነው። ዩ ቫሊዩ ይባላል፣ ባነሰ ቁጥር ሙቀት ያነሰ ያመልጣል። አሁን ያለው ጣሪያሽ ከ0.35 የባሰ ከሆነ ማሻሻል ግድ ነው። የ1988ቱ ከሆነ የባሰ መሆኑን ሳላየው እገምታለሁ።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም፣ አየሩ ነው። ከንጣፉ ሥር ያለው ሽፋን ጥቁር፣ ሬንጅ የነካው፣ ወረቀት የመሰለ ከሆነ እንፋሎት አያሳልፍም። ስለዚህ በሱና በኢንሱሌሽኑ መካከል 50 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ይቀራል፣ ከታች ከጣሪያው ጠርዝ ገብቶ በላይ በኩል የሚወጣ አየር። ራፍተሮችሽ 100 ሚሊሜትር ናቸው እንበል። 50ው ለአየር ሄደ፣ በመካከላቸው የሚገባው ጠንካራ የፎም ቦርድ 50 ብቻ ሆነ። የቀረው ከራፍተሩ ሥር በሙሉ ይነጠፋል፣ ከዚያ መጋጠሚያው ሁሉ በቴፕ ይታሸጋል፣ ከዚያ ፕላስተርቦርዱ።

ይህን ክፍተት ሞልተው የሚሄዱ አሉ። ሥራው ያምራል፣ ክፍሉ ይሞቃል። የወጥ፣ የሻወርና የሰው ትንፋሽ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛው ሽፋን ላይ ውኃ ይሆናል፣ ራፍተሩ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። የሚታወቀው በኋላ ነው። ኢንስፔክተር ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ይምጣና ይይ የምንለው ለዚህ ነው። ከተዘጋ በኋላ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው።

ደረጃውን በተመለከተ፦ አዲስ የሚሠራ ደረጃ ከ42 ዲግሪ በላይ ቀጥ ማለት አይችልም፣ የራስ ቦታውም 2 ሜትር ነው። ለሎፍት ግን ያን ያህል ካልተገኘ መሃሉ ላይ 1.9፣ ዝቅ ባለው ጎን 1.8 ይፈቀዳል። የአንቺ 1.75 አያልፍም። ከጣሪያው ተዳፋት ጋር ስለሚጋጭ ከሆነ ደረጃውን ወደ መሃል ማዞር ወይም ከላዩ ትንሽ ዶርመር ማውጣት ነው። እናትሽ እውነታቸውን ነው።

ዝምታ_ይሻላል

ሐቁን ለመናገር ወለሉ እንዲህ ይሆናል አላልኩም ነበር። ግን ይሄ ሁሉ ሲደመር አዲስ ሎፍት መሥራት ማለት አይደለም እንዴ? ክፍሉን ለሻንጣ ትቶ መኖርም አንድ ምርጫ ነው።

የዶሴ_ሰው

ምርጫ ነው፣ በሐቀኝነት ከተያዘ። ሻንጣ ቤት ብሎ ለሻንጣ። በቀን ሻንጣ ቤት፣ በማታ መኝታ ከሆነ ግን አይደለም።

ለእርስዎ፦ አሮጌው ወለልና ድጋፍ በሙሉ የሚነሣ ከሆነ ሬጉላራይዜሽኑ ለብቻው ብዙ ትርጉም የለውም። የሚፈርስን ነገር ሕጋዊ ለማድረግ ለምን ይከፍላሉ? ሁሉንም እንደ አዲስ ሥራ አስመዝግበው በአንድ ሰርተፊኬት መጨረስ ይችላሉ። ኢንጂነሩ ስሌቱን ይጨርስ፣ ከአሮጌው የሚቀር ነገር ካለ ለይቶ ይጻፍ፣ ከዚያ የሎፍቱን ታሪክ ሳይደብቁ ለካውንስሉ ቢልዲንግ ኮንትሮል ያቅርቡ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አሳውቆ መጀመር ነው። ሌላው ሙሉ ንድፍ አስገብቶ ማስጸደቅ ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ችግሩ ወረቀት ላይ እያለ ይታያል።

ላይኛው_ፎቅ

ተነጋገርን። ቁመቱን ለክተናል፣ ከወለል እስከ ጫፉ 2.45 ነው። ጠባብ ቢሆንም ኢንጂነሩ ሊያየው ቀጠሮ ሰጥቶናል። እሱ ይሆናል ካለ በሙሉ ንድፍ እንገባለን፣ ኢንደምኒቲውም ይቅር። አይሆንም ካለ ታች ያለውን ትልቁን መኝታ ቤት ለሁለት እንከፍላለን፣ እኛ ትንሹ ውስጥ እንገባለን። ልጁ ይሄኛውን ሲሰማ ደስ አላለውም። አላርሙን ግን ሳንጠብቅ አሁን እናስገጥማለን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የመታጠቢያ ቤቱም በር የእሳት በር ይሆናል?

አላርም_ገጣሚ

አይሆንም፣ የመታጠቢያና የሽንት ቤት በር አይጠየቅም። ውስጡ ምንም የሚቃጠል ቦይለር ወይም ሌላ መሣሪያ ከሌለ። ከሌሎቹ በሮች በላይ መስታወት ካለ ግን እሱም ይቀየራል፣ የቪክቶሪያ ቤት ላይ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አናጺው_ከክሮይደን

ከግንበኛው ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬቱ እጃችሁ ሲገባ አድርጉት። ሥራው ሲያልቅ አይደለም፣ ወረቀቱ ሲመጣ። ኢንጂነሩ ያለውን እዚህ ጻፊልን።